ሰብልዬ፣ ልጃችን ያንቺን ትምህርት መረጠች

ሰብልዬ፣

አዲስ አበባ ስታስተምሪ ከድሬዳዋ እየጻፍኩ በባቡር የምልክልሽ ደብዳቤዎች ሁሉ የሚጀምሩት «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» በሚል ነበር። ዛሬም እጄ ለምዶበት ሊጽፈው ሲል አቆምኩት። እንዲሁ ልጀምረው። ከተለየሽን ሁለት ዓመት አልፏል። እኛ አለን።

ዛሬ እሑድ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቀበሌ ስብሰባ ወጥቷል፤ እኔ ከሰዓት ባቡር ጣቢያው ላይ ተረኛ ስለሆንኩ ተፈቅዶልኝ ቀርቻለሁ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። በሩን ከፍቼ መጋረጃውን ጥዬ ነው የምጽፈው። መንገድ ላይ የሰው ኮቴ ሲሰማኝ እጄ በራሱ ይቆማል። ይሄ ልማድ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመጣብኝ ነው፤ ቀድሞ እንዲህ እንዳልነበርኩ አንቺ ምስክሬ ነሽ።

ቤታችን ያው የለገሃሬው የምድር ባቡር ቤት ነው። ጣሪያው ተጠግኗል፣ የበረንዳው ወንፊት ተቀይሯል። እናቴ ጆሮዋ ስለደከመ ራዲዮኑን ከፍ አድርጋ ትከፍተዋለች፤ ማርሹ ሁሉ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ጎረቤቱ እንደ ደህና አብዮተኛ ሳይቆጥረን አይቀርም። ቤቱ ሲፈተሽ የተወሰዱት መጻሕፍትሽ አልተመለሱም። መደርደሪያው ላይ ቦታቸው ክፍት ነው፤ ሌላ ነገር ላስቀምጥበት ስል ሕይወት እምቢ አለችኝ።

ሕይወት አድጋለች። ቁመቷ እኔን አልፏል። ስትናደድ እንዳንቺ ዝም ትላለች፣ ስትስቅ ደግሞ እንደ እናቴ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋ ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የምጽፍልሽም በእሷ ምክንያት ነው። ግን እዚያ ከመድረሴ በፊት ያንቺን ነገር ከሥሩ ማንሳት አለብኝ፤ ከመሄዷ በፊት ደጋግማ ትጠይቀኝ የነበረው እሱን ነውና። ስትታሰሪ ልጅ ነበረች፣ ብዙውን ደብቀናታል። በዚህ ክረምት ግን በረንዳው ላይ ቁጭ እያልን አንድ በአንድ ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳትን ላንቺም ልንገርሽ፤ ያጎደልኩት ካለ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የጀመርኩላት ከአባትሽ ነው። ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሲሠሩ እጃቸው ተጎድቶ ከሥራ ሲወጡ አንቺ ገና ትንሽ ነበርሽ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ያኖሩት እናትሽ ናቸው፤ ባቡር በገባ ቁጥር ከመስኮት መስኮት እየዞሩ ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል እየሸጡ። አባትሽ ግን እስኪሞቱ ድረስ «ይሄን ቤት የማኖረው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። እናትሽም «አዎ፣ እሳቸው ናቸው» ይሉ ነበር። ሁለቱም እየዋሹ አልነበረም፤ ሁለቱም ከልባቸው ያምኑበት ነበር። አንቺን ደግሞ ይሄ ነገር ዕረፍት ይነሳሽ ነበር። «ሁሉም ሰው በዓይኑ እያየው የማያየው ሥራ እንዴት ይኖራል?» ብለሽ የጠየቅሽኝ ገና ሳንጋባ፣ የደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመን ነው። እኔ እኮ ስለ ሠርጋችን ልታወሪኝ መስሎኝ ነበር።

ኢኮኖሚክስ የተማርሽው ለዚያች ጥያቄ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ወጣሽ፤ ተጋባን፤ ሕይወትን ወለድሽ። ጡት ከጣለች በኋላ ለዶክትሬት ፈረንሳይ አገር ሄድሽ። ልጅሽን ለእናቴ ትተሽ መሄድሽን ድሬ በሙሉ አወራው። «ስለ ቤተሰብ ልታጠና ቤተሰቧን ጥላ ሄደች» መባሉን እዚያ ሆነሽ ሰምተሻል፤ ያኔ በላክሽልኝ ደብዳቤ ላይ ቀለሙ የተበተነበት ቦታ ነበር። ቢሆንም ጨርሰሽ መጣሽ። ስትመለሺ ንጉሡ ወርደው፣ አገሩ ሌላ ሆኖ ነበር። አብረውሽ የተማሩት አብዛኞቹ እዚያው ቀርተዋል፤ አንቺንም እንድትቀሪ ለምነውሽ ነበር። «ጥያቄዬ ያለው ድሬ ነው፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አልሻቸው።

ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ስትጀምሪ ባልደረቦችሽ የሚያጠኑት ስለ ትልልቅ ፋብሪካዎችና ስለ መንግሥት እርሻ ነበር። አንቺ የሠራተኛውን ቤት አጠናለሁ ስትይ «የጓዳ ኢኮኖሚስት» የሚል ስም አወጡልሽ። መጀመሪያ ተናደድሽ፤ በኋላ ራስሽን በዚሁ ስም ማስተዋወቅ ጀመርሽ፣ ቀልዱም ጠፋባቸው። ትምህርት ሲዘጋ በፈጣኑ ባቡር በሊቶሪና እየመጣሽ፣ ሲከፈት እየተመለስሽ፣ ትዳራችንን በሐዲዱ ላይ ኖርነው። በሱማሌው ጦርነት ጊዜ መስመሩ ሲቋረጥ አንቺ እዚያ፣ እኛ እዚህ በመድፍ በምትናወጥ ከተማ ውስጥ ወራት ሳንገናኝ ቀረን። መስመሩ ተከፍቶ ስትመጪ ከባቡሩ እንደወረድሽ መጀመሪያ የያዝሽው ሕይወትን ነው። እጇን፣ እግሯን፣ ራሷን ዳሰስሽ። የጎደላት ነገር እንደሌለ ካረጋገጥሽ በኋላ ነው እኔን ያየሽኝ።

ዋናው ሥራሽ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ወንዱ ወደ ግንባር እየሄደ ስለነበር ከፋብሪካዎቹ በአንዱ ሴቶች በብዛት ይቀጠሩ ጀመር። አንቺም የእነዚህን ሴቶች ቤት ለማጥናት ተነሳሽ። ሴት ደሞዝ ስታገኝ ልጆቹን ማን ይይዛል? ባል ሲዘምት ቤቱን ማን ያዛል? ደሞዙ ካልበቃ ጉድለቱን የሚሞላው ምንድን ነው? ሌላው አጥኚ «ሥራ አለሽ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ አንቺ ግን «ትናንት ምን ሠራሽ?» ነበር የምትዪው። መልሱን ሰምተሽ «ከዚያስ?» ትያለሽ። ደግሞ «ከዚያስ?» ሥራ የላትም የተባለችው ሴት ምን ያህል እንደምትሠራ የሚታወቀው እንደዚህ ሲጠየቅ ነው አልሽኝ።

መጀመሪያ የሞከርሽው እናቴ ላይ ነው። «እኔ ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቁጭ ብዬ አይደል የምውለው» አለችሽ። ከዚያ ትናንትን ከንጋት ጀምራ ስትነግርሽ ጀምበር አዘቀዘቀች፣ እሷ ገና ከሰዓት በኋላ ላይ ነበረች። በመጨረሻ ራሷ ደንግጣ «ውይ፣ ለካ ደክሞኛል!» አለች። ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። እኛ ቤት እንደዚያ የተሳቀበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

አንድ ቀን እኔንም ይዘሽኝ መጋላ ሄድሽ። ኦሮምኛውን ታውቂዋለሽ፣ ሱማልኛው ላይ ግን እኔ ጠረፍ ላይ ደወሌ ጣቢያ ስሠራ የለመድኳት ትሻል ነበር። የሄድነው ሃሊማ ቤት ነው። ሃሊማ ፋብሪካው ውስጥ ሽመና ክፍል ትሠራለች። ባሏ ወደ ሰሜን ግንባር ተወስዷል። ታላቋ ልጇ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ትምህርቷን አቋርጣለች፤ እኛ ስንገባም ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ በር ላይ ቆማ ነበር። ሃሊማ አማርኛውን ከሱማልኛ እየቀላቀለች በሳቅ ነው የምታወራው።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ዋላሂ የእኔ ደሞዝ ስም ብቻ ነው» አለችሽ። «ልጆቼን የምታበላው እናቴ ናት። እናቴ በባቡር እየተመላለሰች ምን እንደምትሠራ ደግሞ አንቺ የድሬ ልጅ ነሽ፣ አትጠይቂኝ።»

አልጠየቅሻትም። ከጠረፍ ተሸሽጎ የሚመጣው ጨርቅና ስኳር ስንቱን ቤት እንደሚያኖር ጣቢያ የምውለው እኔም አውቀው ነበር። ፋብሪካው በየእሑዱ ያለ ክፍያ ስለሚያሠራቸው «የፈቃድ ሥራ» ግን ጠየቅሻት። ሃሊማ እጇን አራገበች፤ «ፈቃዱ የማነው አቦ?» አለች። አንቺ ሳቅሽ። እሷ ግን ይሄን ብላ ወዲያው ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። እኔም አየሁ። ከልጅቷ በቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያ መርዕድ መጣ።

ሕይወት መርዕድን ታስታውሰዋለች፤ ማን እንደነበር ግን አታውቅም ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችሽ አንዱ እንደሆነ፣ ጎበዝ እንደነበረ፣ ፈተና ላይ የሚጽፈውን እያነበብሽ እንዴት ትደነቂ እንደነበር ነገርኳት። ያን ቀን የመጣው ግን የፓርቲው ካድሬ ሆኖ ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለሽ፣ «ዶክተር» ብሎ ጠራሽ። ያቀረብንለትን የብርቱካን ጭማቂ አልነካውም። ሕይወት ከትምህርት ቤት ስትገባ «ነይ ሕይወት፣ ሰላም በይኝ እንጂ» አላት። ስሟን ማናችንም አልነገርነውም ነበር። የክፍል አስተማሪዋንም በስም ጠርቶ «ጥሩ ያስተምሩሻል?» ብሎ ጠየቃት።

ሁለት ነገር ነበር የሚፈልገው። አንደኛው ፋብሪካው ውስጥ በሚደረገው የሠራተኞች ሴሚናር ላይ ጥናትሽን እንድታቀርቢና ሠርቶ አደሯ ሴት ከጓዳ ነፃ ወጥታለች ብለሽ እንድትደመድሚ ነው። ሁለተኛውን ለመሄድ ከተነሳ በኋላ ነው ያነሳው። «በጥናትሽ ከደሞዛቸው በላይ የሚኖሩ ቤቶች ሳያጋጥሙሽ አልቀሩም» አለ። «የትኞቹ እንደሆኑ ብናውቅ ለከተማዋ ይጠቅማል።»

አንቺም «ያጠናሁት ድሬን ነው መርዕድ» አልሽው። «ድሬ በሙሉ ከደሞዙ በላይ ነው የሚኖረው። አንተም ጭምር።» ይሄን ስትዪ እጁ ላይ ያለውን አዲስ የጅቡቲ ሰዓት ነበር የምታዪው። እሱም ሰዓቱን አየ፣ ሳቀ። ሲስቅ ግን ዓይኑ ሕይወት ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን ትይዩ ካለው ሱቅ በር ላይ አንድ ሰው መቀመጥ ጀመረ። በዚያ ሙቀት ጥላው ሲሸሽ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ጥላውን ይከተላል። እሱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም ነበር።

ሴሚናሩ ዕለት እኔም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ሆኜ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክሩን አሰማን፤ ከዚያ አንቺ ወጣሽ። ስትፈሪ ድምፅሽ እንደሚወርድ አውቃለሁና ጆሮዬን አቆምኩ። አልወረደም። ሴቷ ከፋብሪካ ስትወጣ ማንም ሥራ ብሎ ወደማይጠራው ሁለተኛ ሥራዋ እንደምትሄድ ተናገርሽ። የልጆቹ ትምህርት እየተቋረጠ ያለው ቤቱ ያለ እነሱ ጉልበት ስለማይቆም እንደሆነ ተናገርሽ። እሑድ ሲወሰድባት የሚወሰድባት ዕረፍቷ ሳይሆን ቤቷን የምታቆምበት ቀን እንደሆነ ተናገርሽ። «ቤት እንዴት እንደሚቆም ሳናውቅ ፋብሪካ እንዴት እንደሚቆም ማወቅ አንችልም» ብለሽ ወረቀቱን አጠፍሽ። አንድም ቤት አልጠቆምሽም። እንድትደመድሚ የታዘዝሽውንም አልደመደምሽም።

አልተጨበጨበም። የጣሪያው ማራገቢያ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። መድረኩን የሚመራው ሰው ጥያቄ እንዳለ ጠየቀ። እጇን ያነሳችው ሃሊማ ነበረች።

ቆመች። ከዚያ ባንድ ትንፋሽ፣ ያስጠኗት በሚመስል አማርኛ፣ «ይቺ ሴት የምትለው የኛን ኑሮ አይደለም፤ እኛ ደሞዛችን ይበቃናል፤ እሑድም የምንሠራው በፍላጎታችን ነው፤ ቤታችንም መጥታ አታውቅም» አለች። ቤትሽ መጥታለች ወይ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። አዳራሹ ያኔ አጨበጨበ። መርዕድ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ ሃሊማን ረጅም ጊዜ አያት።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ። አንቺ ክንዴን ይዘሽ «ተዋት ግርማዬ፣ ልክ ነው የሠራችው» አልሽኝ። «ልጆች አሏት። እኔ ብሆንም እንደዚያ ነበር የምለው።» ቤት ልንደርስ ስንል ደግሞ «ልጅቷን ግን ትምህርት ቤት ቢመልሱልኝ» አልሽ። ይሄን ስነግራት ሕይወት ፊቷን አዞረች። እንዳለቀሰች ያወቅሁት በትከሻዋ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ መጣ። አዲስ አበባ ስትመለሺ ኮርሶችሽ ለሌላ ሰው ተሰጥተው ጠበቁሽ። ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ያለበት ቢሮ ተመደብሽ። ሊታተም የነበረው ጽሑፍሽ ቀረ፤ ውጭ አገር ለስብሰባ ተጋብዘሽ መውጫ ተከለከልሽ። «የጓዳ ኢኮኖሚስት» እያሉ ይቀልዱብሽ የነበሩት ባልደረቦችሽ መቀለድ ተዉ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ አልሽኝ። ተማሪዎችሽ ኮሪደር ላይ ሲያዩሽ ሰላም ላለማለት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስሩ ጀመር። ለዕረፍት ድሬ በመጣሽ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ ልብስ እያሰጣች ሳለ መጡ። ቤቱን ፈተሹ፣ መጻሕፍቱን በጆንያ ጫኑ፣ አንቺን ወሰዱ። ሱቁ በር ላይ ይቀመጥ የነበረው ሰው ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም። ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ምሳ ዕቃውን ጠባቂው ይቀበለኛል፤ ባዶውን ይመልስልኛል። ባዶ ሆኖ መመለሱ ያለሽ መሆኑን የማውቅበት ብቸኛ ነገር ነበር። በሩ ላይ የምንቆም ሰዎች እርስ በርስ አንነጋገርም። የምንፈራው አንድ ቃል ነበር፤ ጠባቂው «ነገ ስንቅ አታምጡ» ያለው ሰው ዞሮ ሲሄድ የቀረነው መሬት መሬቱን እናያለን። ትርጉሙን የማያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ሲመልስልኝ ዓይኔን ሳያይ «ነገ አታምጣ» አለኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴም፣ ለሕይወትም። በማግሥቱ የደንብ ልብሴን ለብሼ ሥራ ገባሁ፤ ባቡር አስገባሁ፣ ባቡር አስወጣሁ፤ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። ወደ እኩለ ቀን ገደማ አንድ ጋሪ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ጋሪ ነጂው «አቦ ጋሽ ግርማ፣ እንግዳ አምጥቼልሃለሁ፣ ሂሳብ የላትም» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል አንቺ ነሽ። እግርሽ አብጦ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሻል። ለካ ሊፈቱሽ ነው ስንቅ አታምጣ ያለኝ። ሌላውን ሁሉ እንዲያ ብለው ገድለው አንቺን ለምን እንደፈቱሽ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንቺም አላወቅሽውም።

ስለ ውስጡ ብዙ አልነገርሽኝም። የነገርሽኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ለሕይወት እንደ ነገርሽኝ አድርጌ ነገርኳት። የመረመረሽ መርዕድ ነበር። አልመታሽም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገብሽም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ «ዶክተር፣ ትናንት ምን ሠራሽ?» ይልሻል። ትመልሻለሽ። «ከዚያስ?» ይልሻል። «ከዚያስ?» ከዓመት በፊት ያለችውን አንዲት ቀን ከንጋት ጀምሮ፣ የገባሽበትን ቤት ሁሉ ያስቆጥርሻል። የሚመቱሽ ሌሎች ናቸው፤ እሱ ተመልሶ መጥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። «ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ ግርማዬ» አልሽኝ። ከአፍሽ አንድም የሴት ስም አልወጣም። ሃሊማ ሥራዋ ላይ ነበረች፣ እናቷም በባቡር መመላለሷን አላቆመችም፤ ያን በዓይኔ አይቻለሁ።

ኩላሊትሽን ያመመሽ ከዚያ ነው። ሐኪሙ ውጭ አገር ብትታከም ይሻላል አለ፤ ለመውጫ ፈቃድ አመለከትን፤ እምቢም እሺም ሳይሉን ዓመት አለፈ። በመጨረሻዎቹ ወራት በረንዳው ላይ ፍራሽ ተነጥፎልሽ ትውያለሽ። የሰፈሩ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ይላሉ፤ አንቺም ትናንት ምን እንደሠሩ ትጠይቂያቸዋለሽ፤ አሁንም ያው አንቺ ነበርሽ። ያረፍሽው በቀትር ነው፤ እጅሽን ይዤው ነበር። «የጅቡቲው ባቡር ገባ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ገና ነው፣ ዘግይቷል» አልኩሽ። ሌላ ነገር አላልሽኝም።

ለቅሶሽ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው አልነበረም። ሃሊማም አልመጣችም። አርባሽ ዕለት ግን ጠዋት ስወጣ ጓሮ ውስጥ አየኋት። እጅጌዋን ሰብስባ ከሴቶቹ ጋር ሰሐን ታጥባለች። ታላቋ ልጇ አብራት ነበረች። ሃሊማ ቀኑን ሙሉ ሰሐን አጠበች፣ ውኃ ቀዳች፣ ድንኳኑን ጠረገች። አልቀረበችኝም፣ አላናገረችኝም። ሲመሽ ሻሿን አስተካክላ ልጅቷን ይዛ ሄደች።

እዚህ ላይ ስደርስ ሕይወት «ልጅቷ ትምህርት ቤት ተመለሰች?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «መጠየቅ ነበረብህ እኮ አባዬ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝና የፈራሁት። አጠያየቋ ያንቺ ነበር።

ውጤቷ ሲመጣ የፈለገችውን የሚያስመርጣት ነው። ሕክምና ግቢ አልኳት፣ ፋርማሲ ግቢ አልኳት። እናቴም ለመነቻት። ጅቡቲ ያለችውን እህቴንም አሰብኩ፤ ሐዲዱንም ሰዎቹንም አውቃለሁ፣ ላሻግራት እችል ነበር፤ ይሄንንም በጆሮዋ ነገርኳት። ስጨርስ «አባዬ፣ የእማዬ ጥያቄ እኮ ገና አልተመለሰም» አለችኝ። ኢኮኖሚክስ መረጠች።

የሄደችው ባለፈው ሳምንት ነው። ተረኛው የጣቢያ ሹም እኔ ነበርኩ። ጓደኛዬ ተራውን ልቀይርህ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ የልጄን ባቡር ሌላ ሰው እንዲያስወጣው አልፈለግሁም። ሻንጣዋን ራሴ አስገባሁላት። እናቴ የቋጠረችላትን ምግብ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩላት። ስወርድ አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ነካኝ።

መርዕድ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ሻንጣ ይዟል። «ጋሽ ግርማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። «የልጃችንን ውጤት ሰማሁ። ኢኮኖሚክስ፤ የእናቷ ልጅ!» ሻንጣውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «እኔም ተዛውሬ መሄዴ ነው» አለ። «ዩኒቨርሲቲ ነው የተመደብኩት፣ የተማሪዎች ጉዳይ ላይ። አይዞዎት፣ እኛ አለንላት።» እጄን ጨብጦኝ እሷ ካለችበት ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ውስጥ ገባ።

ሰብልዬ፣ ባቡር እኔ ሳላፏጭ አይወጣም። ሰዓቱ ደርሷል። ፊሽካውን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ነጂው አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። ሮጬ ገብቼ እጇን ይዤ ላወርዳት እችል ነበር፤ እግሬም ተንቀሳቅሶ ነበር። እሷ በመስኮት አየችኝ። ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ውስጥ ማን እንደገባ አይታለች፤ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ከላይ ሆና ታየን ነበር። አልፈራችም አልልሽም፤ ከንፈሯ ነጥቷል። ግን ራሷን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ነቀነቀችልኝ፤ ልቀቀው እንደማለት።

ነፋሁት። ባቡሩ ወጣ።

እስካሁን ደብዳቤዋ አልደረሰኝም። ገና ነው እላለሁ፤ ገና ነው፣ ማደሪያዋን ሳታገኝ እንዴት ትጽፋለች እላለሁ። ከአዲስ አበባ ባቡር በገባ ቁጥር ግን የፖስታው ፉርጎ ጋ ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ።

ከታሰርሽ ጀምሮ በዚህ ከተማ ያንቺ ስም የሚጠራው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ተምሬው ነበር። ትናንት ጣቢያው ውስጥ፣ ብዙ ሰው ባለበት፣ አዲሱ የሒሳብ ሹም ልጄ ምን ልታጠና እንደሄደች ጠየቀኝ። «እናቷ ያጠናችውን» አልኩት። እናቷ ማን እንደነበረች ጠየቀኝ። ሙሉ ስምሽን፣ ከነአባትሽ፣ ከነዶክተርነትሽ፣ መድረኩ ላይ የባቡር መግቢያ እንደማስታውቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኩት። አንዳንዱ ዞር ብሎ አየኝ፤ አንዱ ፈጠን ብሎ ሄደ። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ በዚሁ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ማንም ይሁን የሚጠይቀኝ፣ የትም ይሁን የምጠየቀው። እስካለሁ ድረስ የማስታውስሽ እንደዚህ ነው።

ባለቤትሽ
ግርማ